ማን አገደው?

ወልቂጤ ሁኑ ቡታጅራ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። ግማሽ ቀን ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል "ሲስተም የለም" ትላችኋለች። ሰልፉ ያጉረመርማል እንጂ "የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ ዝናብ ነው የምንቀበለው። ዝናብን ማን ይከሳል?

እኔ ግን እንጀራዬ ሲስተም መሥራት ስለሆነ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ሲስተም እንዲሁ በራሱ ጊዜ አይጠፋም። ወይ አንዱ ሳይፈትሽ አዲስ ኮድ ለቋል፣ ወይ መንገድ ቆፋሪ ኬብል በጥሷል፣ ወይ የሰርቨር ኪራይ መክፈል የነበረበት ሰው አልከፈለም። ለቀቀ፣ በጠሰ፣ አልከፈለም፤ ሁሉም ግሶች ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ባለቤት አላቸው። "የለም" ስንል ግሱም ባለቤቱም ተያይዘው ይጠፋሉ።

"ባለቤት" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር "ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ" እያልን ዓረፍተ ነገር እንበትን ነበር አይደል? ከክፍል ስንወጣ ግን ባለቤት ማለት ሚስት ናት፣ ባል ነው፣ የቤቱ ጌታ ነው፣ የሚጠየቀው ሰው ነው። "ይሄ ሥራ ባለቤት የለውም" ስንል ስለ ሰዋስው እያወራን አይመስለንም። እኔ ግን ከአንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ሁለቱ ነገሮች አንድ እየሆኑብኝ መጥተዋል። አንድ ግስ ስንት ሰው ይይዛል፣ ማንን ያስወጣል የሚለው ጥያቄ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ የሰው ገንዘብ ላይ ይደርሳል።

የግስ ወንበሮች

ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ ግስን እንደ ፈንክሽን ቁጠሩት፤ ስንት ነገር እንደሚቀበል አስቀድሞ ተወስኗል። ለማትጽፉት ደግሞ ግስ ወንበር የተደረደረበት ቤት ነው። "ተኛ" አንድ ወንበር አለው፤ የሚተኛው ይቀመጥበታል። "ሰበረ" ሁለት አለው፤ ሰባሪውና የሚሰበረው። "ሰጠ" ሦስት። ይሄን ያህሉን የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ይጋሩታል። ጨዋታው ያለው ወንበር ሲጨምሩና ሲያነሱ ነው።

ቡናን እንውሰድ። "ቡናው ፈላ" ስንል አንድ ወንበር ብቻ ነው። "እናቴ ቡና አፈላች" ስንል አ- መጥታ ሁለተኛ ወንበር አስገባች፣ እናቴም ተቀመጠችበት። "እናቴ ቡና አስፈላች" ስንል ደግሞ አስ- ሦስተኛ ሰው ጠራች፤ እናቴ አዛለች፣ ከሰሉን የምታራግበው ግን እህቴ ናት።

አሁን ቡናው የሚቀዳበትን ስኒ እዩት። እሱ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። "ሰበረ" ሁለት ወንበር ይዞ ይነሳና ተ- ስትመጣ አንዱ ይነሳል፤ "ስኒው ተሰበረ።" ከፈተ–ተከፈተ፣ ዘጋ–ተዘጋ፣ ሰነጠቀ–ተሰነጠቀም እንዲሁ ናቸው። አማርኛ መፍላትን "በራሱ የሚሆን ነገር" ብሎ ይጀምርና አፍልቶ የሚያመጣውን ሰው ይጨምራል። መሰበርን ደግሞ "ሰው የሚያደርገው ነገር" ብሎ ይጀምርና ሰባሪውን ይሸኛል።

ይሄ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ማርቲን ሀስፕልማት የተባለ ጀርመናዊ የቋንቋ ተመራማሪ በ1993 እ.ኤ.አ. 31 የግስ ጥንዶችን በ21 ቋንቋዎች አነጻጽሮ ነበር። እንደ መፍላትና መድረቅ ያሉት በብዙዎቹ ቋንቋዎች አድራጊውን ወደ መጨመር፣ እንደ መሰንጠቅ፣ መሰበርና መዘጋት ያሉት ደግሞ አድራጊውን ወደ መቀነስ ያዘነብላሉ። ፈላ–አፈላ፣ ደረቀ–አደረቀ፤ ሰበረ–ተሰበረ፣ ዘጋ–ተዘጋ። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሰዎች ሳይመካከሩ የትኛው ነገር በራሱ እንደሚሆን፣ የትኛው ሰው እንደሚፈልግ ከሞላ ጎደል ተስማምተዋል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ "ብሬክ" ሰበረም ነው፣ ተሰበረም ነው።

ሌላ የምወደው ነገር አለ። አ- አብዛኛውን ጊዜ የምትጨመረው አንድ ወንበር ባላቸው ግሶች ላይ ነው፤ ሁለት ያላቸው አስ- ይፈልጋሉ፣ ቆረጠ–አስቆረጠ እንደምንለው። በላ፣ ጠጣ፣ ጎረሰ፣ ለበሰ ግን ሁለት ወንበር እያላቸውም አ- ይወስዳሉ፤ አበላ፣ አጠጣ፣ አጎረሰ፣ አለበሰ። በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛ ግሶች ላይ መጽሐፍ ያሳተመው መንግሥቱ አምበርብር እነዚህን ግሶች ለብቻቸው አይቷቸዋል። የሚበላ ሰው አድራጊም ነው፣ ነገሩ የሚደርስበትም እሱው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋው ለብቻቸው መደብ ሰጣቸው። እና ደግሞ "አበላ" ብለን "አስበላ" ስንል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አበላኝ ካላችሁ ጠግባችኋል። አስበላኝ ካላችሁ አልቆላችኋል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት "ስ" ናት።

የተ- ምሕረት

ወደ ስኒው ልመለስ። እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ ስኒ ከእጁ ቢያመልጠው ማን ነው "ሰበርከው" የሚለው? "ተሰበረ፣ ምንም አይደል፣ ክፉ ነገር ይዞ ይሂድ" ይባላል እንጂ። ሁላችንም አይተናል፤ ሰባሪው እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ጆሮው ቀልቷል። ቋንቋው ግን ወንበሩን አንስቶ "አንተ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለህበትም" ብሎ ነጻ አወጣው። ይሄ የጨዋ ሰዋስው ነው።

በእኛም ሙያ እንዲህ ያለ ጨዋነት አለ። "ጊት ብሌም" የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። "ብሌም" ማለት ወቀሳ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልደበቁትም። ነገር ግን አንድ ነገር ሲበላሽ ቁጭ ብለን በምንጽፈው ሪፖርት ላይ የሰው ስም ባንጠራ ይመረጣል። "እገሌ ዳታቤዙን ዘጋው" ሳይሆን "ዳታቤዙ ተዘጋ"። ምክንያቱም ሰው ከፈራ ይደብቃል፣ ከደበቀ ደግሞ ማንም ምንም አይማርም። ስለዚህ ተ- ጠላቴ አይደለችም።

ደግሞ አማርኛ አድራጊውን ቢሸኝም ተጎጂውን የሚያስቀምጥበት መንገድ አለው። "ስኒው ተሰበረ" አንድ ነገር ነው፣ "ስኒው ተሰበረብኝ" ሌላ ነው። ያቺ -ብኝ ሰባሪም ተሰባሪም ያልሆነ ሰው አምጥታ ታስቀምጣለች፤ ነገሩ የጎዳውን። ጠፋብኝ፣ ሞተብኝ፣ ዘነበብኝ። "መሸብኝ" ስንል ፀሐይ መጥለቋን ሳይቀር የራሳችን ጉዳት አድርገን እንናገራለን። መልካም ሲሆን ደግሞ -ልኝ አለች። ዳኛ ይፈርዳል፤ ፈረደልኝና ፈረደብኝ መሃል ግን አንድ ቤት፣ አንድ እርሻ ሊኖር ይችላል።

ይሄ የአነጋገር ለውጥ የሰውን ፍርድ ይለውጣል? ኬትሊን ፎዚና ሌራ ቦሮዲትስኪ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የፈተሸው። በአንድ ምግብ ቤት በሻማ ምክንያት የተነሳን እሳት የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ለሰዎች ሰጡ። ታሪኩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግሱ ብቻ ነው። ለአንዱ ወገን ሴትየዋ ሻማውን ገለበጠችው ይላል፣ ለሌላው ሻማው ተገለበጠ ይላል። "ገለበጠችው" የሚለውን ያነበቡት የበለጠ ወቀሷት፣ የበለጠ ካሳም ጫኑባት። እሳቱ አንድ፣ ሻማው አንድ፣ ሴትየዋም አንድ።

ታግዷል

አክስቴ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ትነግዳለች። አባቴና እሷ የቸሃ ልጆች ናቸው፤ እሱ ወልቂጤ ቀረ፣ እሷ ተድራ የጉራጌን ተራሮች ተሻግራ ወደ ምሥራቅ ሄደች። የማረቆ በርበሬ ሲደርስ ገበሬውን በእጁ መክፈል የለመደች ነጋዴ ናት፤ አሁን ግን የምትከፍለው በስልኳ ነው። አንድ ኅዳር፣ የገበያ ዋዜማ፣ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። "ሂሳብዎ ለጊዜው ታግዷል።" ሌላ ነገር የለውም።

ደወለችልኝ። "አንተ ልጅ፣ ታግዷል ይላል። ማን አገደው?"

"ሲስተሙ ይሆናል አክስቴ።"

"ሲስተሙ ማነው? ልጅ አለው? ቤት አለው? ሄጄ የማናግረው ሰው ንገረኝ።"

በሦስተኛው ቀን ተከፈተላት። ማን እንደከፈተው ግን እስከ ዛሬ አልተነገራትም። "ተከፍቷል" ነው ያላት። በመሃል ገበያው አምልጧት፣ ገበሬዎቹ ጋ አፏ ታስሮ ነበር። ከሁሉ ያንገበገባት እግዱ አይደለም። ዕድሜዋን በሙሉ የንግድ ሙግት ያየች ሰው ናት፤ ተጣልታ፣ ሽማግሌ ልካ፣ ታርቃ ታውቃለች። የምትጣላው ሰው አጥታ ግን አታውቅም።

የሷን ሂሳብ ያገደው ድርጅት እኔ የምሠራበት አይደለም። ግን እኔ የምሠራበትም ከክፍያ ጋር የተያያዘ ነውና ሰኞ ዕለት የእኛን የአማርኛ መልእክቶች ፋይል ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከእኔ በፊት የተተረጎመ ነው። አልተሳካም። አልተገኘም። ተቋርጧል። ተሰርዟል። ታግዷል። ውድቅ ተደርጓል። ከሁሉም ያሳቀኝ "ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል" የሚለው ነው። ፈጣሪውን የምናውቀው እኛ ነን እኮ፤ ጊት ብሌም ብንል በሁለት ሰከንድ ስሙ ይወጣል።

ያን ጊዜ ነው የስኒው ነገር የገባኝ። "ተሰበረ" ጨዋነት የሚሆነው ስኒው የእሷ የሆነው እናት ስትለው ነው። እንግዳው ራሱ ሰብሮ ሲያበቃ "ተሰበረ" ብሎ ቢነሳስ? ያቺው ቃል፣ ያቺው ተ- ናት፤ ግን አሁን ነውር ሆነች። ምሕረት የሚሰጠው የተጎዳው ነው። የእኛ ፋይል ግን ለራሱ ምሕረት ሰጥቶ ጨርሷል።

ስብሰባ ላይ አነሳሁት። "ታግዷል" ከምንል "አግደናል" እንበል፣ ምክንያቱንም እንጻፍ፣ የሚደወልበትንም እናስቀምጥ። የሕግ ባለሙያችን ወዲያው ነቃች። "አግደናል ካልን እኮ እኛ ነን ማለት ነው" አለች። አዎ፣ ነን። "እንዳንጠየቅበት ነው የምለው።" የቋንቋ ምሁር ሳትሆን የሰዋስውን ጉዳይ ከሁላችንም በተሻለ የተረዳችው እሷ ነበረች፤ የግሱ ባለቤት የነገሩ ባለቤት መሆኑን። ደግሞም ልክ ነበረች፤ አንዳንዱን ሂሳብ የሚያሳግደው ፍርድ ቤት ነው፣ አንዳንዱን ደንበኛው ራሱ ስልኬ ጠፋብኝ ብሎ ያሳግደዋል። ለሁሉም "አግደናል" ማለት ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ትክክለኛውን ግስ ለመጻፍ ትክክለኛውን አድራጊ ማወቅ ነበረብን። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሰዋስው መሆኑ ቀርቶ የምህንድስና የሆነው። ዳታቤዛችንን ስናየው የሂሳቡ ሁኔታ "የታገደ" ይላል፤ ያገደው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ግን ጭራሽ አልነበረም። የማሽኑም ሰንጠረዥ እንደ መልእክቱ በተ- ነበር የተጻፈው። አንድ ግስ ለማስተካከል አዲስ ዓምድ መጨመር ነበረብን፤ ስሙን "ማን" አልነው።

አክስቴ እንዴት እንደተረከችው

በመስቀል አክስቴ ወልቂጤ መጥታ ታሪኩን ለአባቴ በቸሃ ስታወራ ሰማሁ። እኔ ቸሃ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ማለት ይቻላል፤ የወልቂጤ ልጆች ብዙዎቻችን ቤትም ሰፈርም አማርኛ ነን። አንድ ነገር ግን ጆሮዬን ያዘኝ። "ታገደ" የሚለውን በሚመስል መንገድ አልተናገረችም። አባቴን እንዲተረጉምልኝ ብጠይቀው "አገዱብኝ ነው የምትለው" አለኝ። እነማን? "እነማን የለውም፤ እንዲሁ አገዱብኝ ነው።"

ይሄ ነገር ስም አለው። ቸሃን ጨምሮ የምዕራብ ጉራጌ ቋንቋዎች አድራጊው ሳይጠራ ሲቀር የሚጠቀሙበት ለብቻው የሆነ የግስ መልክ አላቸው። ሰዎች አደረጉት፣ አንድ ሰው አደረገው እንደማለት ነው፤ ግን "ሰዎች" የሚል ቃል የለበትም። የተደረገበት ነገርም ወደ ባለቤትነት አይሾምም፣ ተሳቢ እንደሆነ ይቀራል። አማርኛም "ስልኬን ሰረቁኝ" ስንል ይህንኑ ለማለት ይሞክራል፤ ግን የብዙ ቁጥርን መልክ ተውሶ ነው። ሰራቂው አንድ ቢሆንም "ሰረቁኝ" ነው።

ቸሃ ግን አይዋስም፤ ግሱን ከውስጡ ይቀይረዋል። "ከፈተ"ን እንውሰድ፣ ሥሩ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። መሃል ያለው ፈ ከንፈር ሞጥሞጥ ሲልበት ᎈ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ተ ደግሞ ላልቶ ወደ ቸ ይሄዳል። በቃ። ከንፈር ሲሞጠሞጥ የባለቤቱ ስም ይነሳል፣ ወንበሩ ግን ይቀራል። በአማርኛ "በሩ ተከፈተ" ስትሉ ነፋስ ይሁን ሰው አይታወቅም። ቸሃ የአክስቴን ነገር የነገረው በሌላ መንገድ ነው፤ ያደረገ አለ፣ ማን እንደሆነ አልተባለም።

ከላይ የጻፍኳት ፊደል ስልካችሁ ላይ ባዶ ሳጥን ሆና ከታየቻችሁ አትገረሙ። ቈ፣ ኰ እና ጐ ከጥንት ነበሩን፤ መ፣ በ፣ ፈ እና ፐ በዚያው መንገድ ሲሞጠሞጡ የሚጻፉባቸው 16 ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ፊደላት ተጨመሩ። ሳህለሥላሴ ብርሃነማርያም በቸሃ የጻፈው መጽሐፍ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ የታተመው በ1964 ነው፤ ሌስላው የጉራጌ ቋንቋዎችን ትልቅ መዝገበ ቃላት በሦስት ጥራዝ ያወጣው በ1979 ነው። ወረቀት ከማሽኑ በብዙ ዓመት ቀድሟል። ፊደሏ ሳጥን ስትሆን የምትጠፋው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለችም፤ "ያደረገ ሰው አለ" የምትለዋ መረጃ ናት።

ከመስቀል ስመለስ "ማን" የሚለው ዓምድ ላይ አንድ ጉዳይ አልተቋጨም ነበር። አንዳንድ የቆዩ እግዶች አሉ፤ ማን እንዳገዳቸው ፈልገን ያጣንላቸው። የሥራ ባልደረባዬ "ባዶ እንተዋቸዋ" አለ። በእኛ ሙያ ባዶ ማለት አንዳንዴ "እዚህ ቦታ የሚገባ ነገር የለም" ማለት ነው። እኔ "ያልታወቀ" እንበላቸው አልኩ። እሱ ልዩነቱ አልታየውም፣ እኔም ስለ አክስቴ ከንፈር ማስረዳት ከበደኝ። "ባዶ ከሆነ ማንም አያገኘውም፤ ያልታወቀ ካልነው ግን ነገ አንዱ ይፈልገዋል" አልኩት። እሺ አለ።

አሁን ዓምዱ ላይ ባዶ አይፈቀድም፤ "ማን" ሳይሞላ ማሽኑ እግዱን አይመዘግብም። ባለፈው ሳምንት ሳየው "ያልታወቀ" የሚሉ 41 መስመሮች ቀርተው ነበር። ዛሬ ጠዋት 38 ናቸው።